አራጅ የጠፋበት የረመዳን ዋዜማ

ዶሮ ታቅፋችሁ ዋና መንገድ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆሜ አውቃለሁ። ያውም ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ያውም ክርስቲያኑ ሁሉ የነቢያትን ጾም በያዘበት ሰሞን፣ ያውም የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ «ይቅርታ፣ ሙስሊም ነህ?» እያልኩ እየጠየቅሁ። ከአምቦ በስተምዕራብ፣ በነቀምት መንገድ ላይ ያለችው እጃጂ ያን ዕለት ስለ እኔ ምን እንዳወራች አላህ ይወቅ። ዛሬ ሳስታውሰው እስቃለሁ። ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ረመዳን ሊገባ ሲል ይህን ታሪክ ለአንድ ሰው ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝምና ዘንድሮ ተራው የእናንተ ነው።

ጊዜው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። በነርስነት ተመርቄ እጃጂ ጤና ጣቢያ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ተወልጄ ያደግሁት አምቦ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አባባ ልብስ ሰፊ ነበር። ራህማ ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ራህማ እዝነት ማለት ነው፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ። እናቴ «ስሟን ስናወጣ ጠባይዋን አላየንም ነበር» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እናቴ ለረመዳን ዋዜማ የራሷ ሥርዓት ነበራት። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ሌላ ቤት ሲደረግ አላየሁም። ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን፣ ሊያልቅ ሲል ቤቱ ይገለበጣል። ምንጣፍ ይራገፋል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ የተኳረፈ ጎረቤት ካለ ይታረቃል። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ዶሮ ያርዳል፣ እሷ አልጫ ትሠራለች። በዚያ ምሽት በርበሬ የነካው ወጥ ቤታችን አይገባም፤ «ነገ ውሃ ሲጠማችሁ የምትረግሙት እኔን ነው» ትላለች። ድስቱ እሳት ላይ እንዳለ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ልጆቿን ሰብስባ ወደ ሁሉቃ ድልድይ ትወርዳለች። ከድልድዩ ላይ በስተምዕራብ፣ በጉደር በኩል፣ ሰማዩ ገላጣ ነው። እዚያ ቆመን ጨረቃ እንፈልጋለን። መጀመሪያ ያየ ሰው ፈረሰኛውን ይበላል። በሌላ ቀን የአባባ የነበረው ብልት በዚያች ምሽት የዓይን ሽልማት ይሆናል ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሕጓ ግን ጨረቃ ስትታይ ድስቱ የግድ እሳት ላይ መሆኑ ነው። ረመዳን እንግዳ ነው፤ ደጅ ደርሶ ድስት ቀዝቅዞ ካገኘ ቅር ይለዋል ትለን ነበር።

በልጅነቴ የረመዳን ጨረቃ ከእነ ጉደር፣ ከእነ ጌዶ፣ ከእነ እጃጂ ተነስታ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። እጃጂ ስመደብ እናቴ «ይኸው ጨረቃዋ አገር ሄድሽ» ብላ መርቃ ሸኘችኝ። እዚያ ደርሼ ሳይ ግን ጨረቃ አሁንም ከፊቴ ርቃ፣ በባኮ በኩል ነው የምትታየው። ይህን ልነግራት አስቤ ነበር። በደንብ እንደምትስቅ አውቅ ነበር።

ሳልነግራት ሞተች። ሰኔ ላይ ነው፤ ታማ ብዙም አልቆየች። ፈቃድ ወስጄ አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ቀን ትንሽ ተሻላትና እጄን ይዛ «ራህማ፣ በዋዜማው ድስቴን አደራ» አለችኝ። ሰው ስለ ልጁ፣ ስለ ቤቱ አደራ ይላል። እናቴ ስለ ድስት። እሺ አልኳት። አላህ ይማራት።

እንግዲህ ያ ዋዜማ እሷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አምቦ ሄጄ ድስቷን ልጥድ ቆርጬ ነበር። ይሁን እንጂ ሌላዋ ነርስ ለሥልጠና ነቀምት ሄደችና ጤና ጣቢያውን ጥዬ መሄድ የማይቻል ሆነ። አባባም በሚያውቀው ሹፌር መልእክት ላከ፤ እንዳልቸገር፣ እሱና ወንድሞቼ ዋዜማውን አጎቴ ቤት እንደሚያመሹ፣ ዘንድሮ ቤት ውስጥ ድስት የሚጥድ እንደሌለ ነገረኝ። ለእኔ እንዲቀለኝ ብሎ ነው። እኔን ግን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል አንጀቴን በላችው። ድስት የሚጥድ የለም። አደራው ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ እኔ ካልጣድኩት ማን ይጥደዋል? ስለዚህ እጃጂ ላይ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ልጥደው ወሰንኩ።

ዶሮ ማግኘቱ አላስቸገረም። ክርስቲያኑ ጾም ስለያዘ ዶሮ የሚፈልግ አልነበረም፤ አንድ ደልደል ያለ ገብስማ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ግቢዋ ከጤና ጣቢያው አጥር ጋር የሚዋሰነው የቤት አከራዬ አዴ ጫልቱ፣ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ከዕቃ ቤቷ አውጥታ ሰጠችኝ። «የእኛ ወጥ ገብቶበት አያውቅም፤ ልብሽ እንዳይጠራጠር» አለችኝ። ኦርቶዶክስ ነች፤ ጾሟን የምትጾም፣ ቀልድ የማይጠፋት ሴት። ዶሮው ግቢዋ ውስጥ ሲጮህ «ይሄ ዶሮ በጾሜ ሊፈትነኝ ነው የመጣው» እያለች አሳቀችኝ።

ችግሩ አራጅ ነው። በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሴት ደግሞ ቢላ አታነሳም፤ ዶሮም ቢሆን ወንድ ለምና ታሳርዳለች። እኔ በማውቀው ያኔ እጃጂ ላይ ከእኔ ሌላ ሙስሊም ማለት የሼህ ሰኢድ ቤተሰብ ነው። ሼህ ሰኢድ ጨርቃጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሲሄዱ በዋዜማው ቀትር ላይ እደርሳለሁ፣ ዶሮሽን እኔው አርድልሻለሁ ብለውኝ ነበር። ቀትር አለፈ። ሱቃቸው ሄድኩ። ሚስታቸው በትንንሽ ልጆቻቸው ተከብባ ተቀምጣለች፤ ጉደር አካባቢ መኪናው ተበላሽቶ ቀርተዋል የሚል ወሬ ከአንድ ተሳፋሪ ሰምታለች። እሷም ሦስት ዶሮ አስራ ነው የምትጠብቀው።

ከዚያ በኋላ ነው ዶሮዬን ታቅፌ መንገድ የወጣሁት። ከሰዓት በኋላ ታካሚ ስለማይበዛ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው ኦቦ ገመዳ በር ላይ ባለችው አግዳሚያቸው ተቀምጠዋል። ታማሚ ከመጣ ይጥሩኝ ብያቸው ወደ አስፋልቱ ጠጋ አልኩ። ኦቦ ገመዳ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ፣ አሮጌ የወታደር ካፖርት ከላያቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። አቀርቅረው ሁሉን የሚያዩ ዓይነት ናቸው። ያን ዕለትም ያዩኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ነው። ተሳፋሪ ሊያወርድ ሲቆም ረዳቱን ውስጥ ሙስሊም ወንድ ካለ እንዲጠራልኝ ለመንኩት። ረዳቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዶሮ የሚያርድ ሙስሊም!» ብሎ ሲጣራ አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ ሞላ። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ በመስኮት አየሁና ተስፋ አደረግሁ፤ ለካ ኮፍያውን ያደረጉት ጆሯቸውን ብርድ መትቷቸው ነው። ከመሃል አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ብድግ አለች። ሙስሊም ነች። እሷም ደረቷን እየመታች «ወንድ ብሆን ምን አለበት፣ እህቴ» አለችኝ። ሁለት ሙስሊም ሴቶች በአንድ ዶሮ ላይ አዝነን ተለያየን። ይቺን ሴት አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

ቀጥሎ አንድ አይሱዙ መጣ። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን የሙስሊም መቁጠሪያ ሳይ እጄን አወናጨፍኩ። ሹፌሩ በድሩ ይባላል፤ ሙስሊም ነው፤ ወርዶ ሰላም ሁሉ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በድሩ ዶሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬት አየና በሕይወቱ አንድም ነገር አርዶ እንደማያውቅ፣ ደም ካየ እንደሚያዞረው፣ ቤቱ እንኳ የሚያርደው ጎረቤቱ እንደሆነ በሀፍረት ነገረኝ። እኔ ቁጡዋ ምን ልበለው? ሰውየው ያሳዝናል። ከጋቢናው አንድ እፍኝ ቴምር አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና «ቢያንስ ነገ በዚህ አፍጥሪ» ብሎኝ ሄደ።

ጥላዬ እየረዘመ መጣ። ከማዶ የጤፍ ክምር የሚከምሩ ገበሬዎች ሥራቸውን መጨረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ መኪና እየጠፋ፣ የሚያልፈው የከተማው ሰው ብቻ እየሆነ መጣ። የሚያውቁኝ ሁሉ «ሲስተር፣ ዶሮው ታሞ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አዴ ጫልቱ ብቅ ብላ እሳቱን ለኩሼዋለሁ፣ ሽንኩርቱም ተከትፏል አለችኝ። እሳት አለ፣ ድስት አለ፣ ዶሮ አለ። አንድ ሰው ብቻ ጠፋ። ያኔ እናቴ በዓይኔ ላይ መጣች። ድልድዩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ወርውራ፣ ሰማዩን ስትቃኝ። ዘንድሮ እዚያ ድልድይ ላይ የሚቆም የለም። እዚህ ደግሞ እኔ አለሁ፣ ድስቱ ግን ባዶ ነው። እናቴ ገና ያን ሰዓት የሞተች መሰለኝ። ሰኔ ላይ ያላለቀስኩት እንባ ሁሉ መጣ። ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ፣ ዶሮውን እንዳቀፍኩ፣ አለቀስኩ።

«ሂን ቦኢን፣ ሲስተር» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። አታልቅሺ ማለታቸው ነው። ኦቦ ገመዳ ናቸው።

ዓይኔን በጋዋኔ እጅጌ ጠራርጌ፣ ታማሚ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ማንም እንዳልመጣ ነገሩኝ። ቆም ብለው ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

«ዶሮውን ለእኔ ብትሰጪኝስ?» አሉኝ።

ሊገዙት የፈለጉ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ሙስሊም ካላረደው እንደማልበላው ጠዋት ማታ እያዩ እንዴት እንዲህ ይሉኛል ብዬ ቁጣዬን ላዘንብባቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እኔም እኮ እንዳንቺ ነኝ» አሉ። «ነበርኩ። አገሬ አርሲ ነው። ቤታችን ሙስሊም ነው።»

ገመዳ የሚል ስም ለክርስቲያንም ለሙስሊምም ይወጣል፤ ስሙ ምንም አይናገርም። እኔ ግን እዚህ አገር፣ እዚህ በር ላይ ስላገኘኋቸው ክርስቲያን ናቸው ብዬ ጠይቄ እንኳ አላውቅም። የከተማው ሰውም እንዲሁ። ኦርቶዶክሱ ጴንጤ ናቸው ይላል፣ ጴንጤው ኦርቶዶክስ ናቸው ይላል፤ እሳቸው ማንንም አያርሙም።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ተናደድኩ። ባለፈው አረፋ ብቻዬን ሆኜ፣ ዓይኔ አብጦ በዚህ በር ስገባና ስወጣ ቁጭ ብለው አይተውኛል። አንድ «ኢድ ሙባረክ» እንኳ አላሉኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ከዚያ ታሪካቸውን በአጭሩ ነገሩኝ። ወታደር ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ተነስተው በጎጃም አድርገው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በወለጋ በኩል በእግራቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እጃጂ ላይ ወባ ጣላቸው። የከተማው ሰው አነሳቸው፣ አስታመማቸው፣ አበላቸው። የተሰጣቸውን ሁሉ በሉ፤ ማን አረደው ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ አልነበረም። ሲድኑ ጤና ጣቢያው ዘበኛ አድርጎ ቀጠራቸው።

«ዛሬ ነገ እመለሳለሁ ስል ዓመት አለፈ» አሉኝ። «ሶላቱም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል እንደሚመለሱ ጠፋኝ። ቃሉን አልረሳሁትም፣ ሲስተር። አፌ ነው የፈራው።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፦ «ከእጄ ትበያለሽ?»

አንባቢዎቼ፣ ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ በላይ ጥቂት ነው የቀራት። የእናቴን አደራ ስንት ዓመት ስግደት ትቶ በኖረ ሰው እጅ ልፈጽመው ነው? እጁ ይሆናል? አይሆንም? የምጠይቃቸው ሼህ ጉደር መንገድ ላይ ቀርተዋል። እናቴ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። እናቴ ብትሆን ይህን ሰውዬ መጀመሪያ ቁጭ አድርጋ አብልታው፣ ጥያቄውን ኋላ ነበር የምትጠይቀው።

«እበላለሁ» አልኳቸው። «ግን ይታጠቡ።»

በጀሪካን ውሃ፣ ከቤቴም ቢላ አመጣሁ። ካፖርታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና ቁጢጥ አሉ። እኔ ለሶላት እንደሚታጠቡት ተራውን ላስታውሳቸው ዝግጁ ነበርኩ፤ እንደ አስተማሪ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አንድም ቃል መናገር አላስፈለገኝም። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርን ድረስ፣ ራሳቸውን፣ እግራቸውን በተርታው ታጠቡ። ውሃው ከጺማቸው ላይ እየተንጠባጠበ ዶሮውን ተቀበሉኝ። ቂብላ፣ የመካ አቅጣጫ፣ በየት በኩል እንደሆነም አልጠየቁኝም። ወደ ሰሜን ዞሩ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት አቅጣጫው አልጠፋቸውም።

ቢላውን አንስተው ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ላጣድፋቸው አልፈለግሁም፣ ግን ፀሐይዋ እየገባች ነው። ይፍጠኑ ልል ስል «ቢስሚላህ» አሉ። ድምፃቸው ተዘግቶ ከርሞ እንደሚከፈት በር ነው የወጣው፤ ሁለተኛውን፣ «አላሁ አክበር» ያሉትን፣ አዴ ጫልቱ ግቢ ድረስ ሰማችው።

ያን ዶሮ ያን ያህል በፍጥነት የገነጠልኩበትን ሁኔታ ዛሬም አላምነውም። አዴ ጫልቱ በጾሟ ሥጋ ላለመንካት ፊቷን ወዲያ አዙራ ውሃ ታፈስልኛለች፣ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ ትስቅብኛለች። የሼህ ሰኢድ ሚስት ወሬው ደርሷት ኖሮ ሦስቱን ዶሮዎቿን በልጆቿ አስይዛ ላከች፤ ኦቦ ገመዳ እነሱንም አረዱ። ዶሮዬ ድስት ሲገባ ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው። እሳቱ ላይ ትቼው ወደ በሩ ሮጥኩ።

ሁሉቃ የለም፣ ድልድይ የለም፣ ወንድሞቼ የሉም። የጤና ጣቢያው በር ላይ ኦቦ ገመዳ፣ እኔና አዴ ጫልቱ በባኮ በኩል ሰማዩን እያየን ቆምን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኔ ዓይኔ እየሞላ ምንም ማየት አልቻልኩም። ጭስ ነው እላለሁ፤ ጭሱ ግን ከኋላችን ነው።

«ያውልሽ» አሉ ኦቦ ገመዳ በቀስታ። «ከዚያ ረጅም ዛፍ ጫፍ ትንሽ ወደ ግራ።»

አዴ ጫልቱ ቀጥላ አየችና አማተበች። እኔ መጨረሻ ላይ አየኋት። ቀጭን ነች፤ ካላወቋት የማይታይ ጭረት። ድስቱ ከኋላዬ ይንተከተካል። ደረሰልሽ፣ እናቴ፣ አልኩ በልቤ፤ እሳት ላይ ነው።

ወጡ ሲበስል ፈረሰኛውን ለይቼ በሳህን ለኦቦ ገመዳ አቀረብኩላቸው። አልቀበልም አሉ፤ ፈረሰኛ ለባለቤት እንጂ ለዘበኛ አይሰጥም ብለው ተከራከሩኝ። የእናቴን ሕግ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ያየ ይበላል። «ማየትማ ሥራዬ ነው» ብለው ፈገግ አሉና ተቀበሉኝ። ከመቅመሳቸው በፊት የእናቴን ስም ጠየቁኝ። ከድጃ ነው አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ለከድጃ ዱዓ አደረጉ። የእሷ ካለቀ በኋላም እጃቸው አልታጠፈም፤ ለረጅም ጊዜ በዝምታ ተዘርግቶ ቆየ። ሌላ ሰው እያሰቡ እንደሆነ ገባኝና እኔም በልቤ አሚን አልኩ።

ሳህኑን ሲመልሱልኝ «ነገ እኔም ብጾምስ?» አሉኝ፤ ፈቃድ የሚሰጠው እኔ ይመስል። ከዚያው አልጫ ለሱሑራቸው፣ ከንጋት በፊት ለሚበሉት፣ ቋጠርኩላቸው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው የሚስቅበት አገኘ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እንደ ልማዷ ምሳዋን ስታካፍላቸው ኦቦ ገመዳ ጾመኛ ነኝ አሉ። ለእሳቸው ደስ እንዲላቸው የነቢያት ጾም መስሏት ሽሮ አመጣችላቸው። እሱንም አልቀምስም ሲሉ ግራ ገባት። ከሰዓት በኋላ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ፀሐይዋ ላይ ነበር። በማፍጠሪያው ሰዓት በድሩ የሰጠኝን ቴምር አወጣሁ። አግዳሚያቸው ላይ ተቀመጥን፤ አዴ ጫልቱም የራሷን የጾም ምግብ ይዛ መጣች። ቴምሯን አፋቸው ውስጥ አድርገው ሳያላምጡ ቆዩ። ከዚያ ስለ እናታቸው ነገሩኝ።

አብሯቸው የዘመተ ያገር ልጅ ቀድሞ አገሩ ገብቶ ገመዳ ሞቷል ብሎ አውርቷል። መርዶው ለእናታቸው ደርሶ ተለቅሷል፣ ሰደቃ ወጥቷል። ይህን የሰሙት እጃጂ ላይ፣ ከአንድ መንገደኛ ነው። ባዶ እጃቸውን፣ ሶላታቸውን ጥለው፣ ከሞት ተነስተው እንዴት ብለው ይግቡ? ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት አውቶቡሶች ግን በየቀኑ በፊታቸው ያልፋሉ። «እያንዳንዱን አያለሁ» አሉኝ። «ቦታ እንዳለው አያለሁ። ከዚያ ያልፋል።»

እኔ እናቴ ከአፈር በታች ሆና ድስቷን ስጥድላት፣ እኚህ ሰውዬ በሕይወት ያለች ልትሆን የምትችል እናት እያላቸው በር ይጠብቃሉ። ተቆጣሁ። በእናቴ ስም እንደዚያ የተቆጣሁት ሰው የለም። ሂዱ አልኳቸው። ልጄ ሞተ ብላ ከምትቀር የጠፋ ልጇ ቢመጣላት አይሻላትም ወይ አልኳቸው። ወሩን ሙሉ ጾሙ። የኢድ ሰሞን ጠዋት ካፖርታቸውን አጥበው፣ ጺማቸውን ተላጭተው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከነቀምት የመጣው አውቶቡስ ሲቆም እንደ ሌላው ጊዜ አላዩትም፤ ገቡበት። አዴ ጫልቱ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እጄን ሳውለበልብ ነበር።

አልተመለሱም። ሌላ ዘበኛ ተቀጠረ። ዓመት ሙሉ ወሬያቸው ጠፋ። በሚቀጥለው ረመዳን በገባ በሳምንቱ በድሩ አይሱዙውን ጤና ጣቢያው በር ላይ አቆመና መልእክት እንዳለኝ ነገረኝ። ሻሸመኔ አካባቢ ጭነት ሲጭን አንድ ሰው መኪናውን ለይቶ አሁንም በአምቦ መንገድ ትሄዳለህ ወይ ብሎ ጠይቆት ነው። መልእክቱ ይህ ነበር፦ «ለሲስተር ራህማ ቤት ደርሻለሁ በልልኝ። ጨረቃዋንም አይቻታለሁ በላት።» ሌላስ አልኩት። ሌላ የለም አለኝ። ስለ እናታቸው አንዲት ቃል የለበትም። በድሩን ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር፣ ደስ ብሏቸው ነበር ወይ እያልኩ። በድሩ አላስተዋለም። ደርሰውባታል ወይስ መቃብሯ ላይ ነው የደረሱት? እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ በየዓመቱ ዱዓ ሳደርግ በሕይወት ካለሽም፣ ከሌለሽም ብዬ ነው የምጠራት፤ ስሟንም አላውቀው።

ያቺ ቀን ምን ለወጠችብሽ ትሉኝ ይሆናል። አምቦ የመዛወር ዕድል ሲመጣልኝ አልሄድኩም፤ ለብዙ ዓመታት እጃጂ ቆየሁ። ረመዳን እናቴ ቤት ውስጥ የነበረ፣ ከእሷ ጋር የተቀበረ ነገር ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። ሰው ውስጥ ተደብቆ፣ በር ላይ ተቀምጦ፣ የሚጠራው ሲያጣ ዝም ብሎ የሚቆይ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን በስሙ አልለካም። ናፍቆቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ሻዕባን ሲጋመስ ይጀምረኛል። የእናቴ ነው እላለሁ፣ የኦቦ ገመዳም ነው፣ የዚያች የማላውቃት የአርሲ ሴትም ነው።

አሁን ወደዚያች አውቶቡስ ውስጥ ወዳየኋት ሴት ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን ታሪክ ለአንድ ትልቅ ሼህ አጫወትኳቸው። እየሳቁ አዳመጡኝና በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሴት ብታርድም እኮ ይሆናል። ቢስሚላህ ብለሽ አንቺው ብታርጂው ኖሮ ሐላል ነበር።»

ክው አልኩ። ያ ሁሉ መንከራተት፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ያቺ ሴትና እኔ ዶሮ መሃላችን አድርገን ያዘንነው ሐዘን፣ የሼህ ሰኢድ ሚስት አስራ ያቆየቻቸው ዶሮዎች። ለካ ሁሉም በእጃችን ነበር። ከዚያ ግን ባውቅ ኖሮስ ብዬ አሰብኩ። ባውቅ ኖሮ ጓሮዬ ውስጥ አርጄ፣ ድስቴን ጥጄ፣ ብቻዬን በልቼ እተኛ ነበር። ኦቦ ገመዳም እዚያው አግዳሚያቸው ላይ ሆነው አውቶቡስ ሲያልፍ ያዩ ነበር።

ዛሬ ተመልሼ አምቦ ነው የምኖረው። ልጆቼን ይዤ ሁሉቃ ድልድይ እወርዳለሁ፤ ፈረሰኛው አሁንም መጀመሪያ ላየ ነው። ማረድ እንደሚፈቀድልኝ አውቃለሁ፤ ቢላዬም ስለታም ነው። ሆኖም በየዓመቱ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዶሮዬን ታቅፌ መንገድ ዳር እወጣለሁ። ካያችሁኝ አትሳቁብኝ። ከእናንተ መሃል አፉ የፈራ አንድ ሰው ቢኖር፣ ቀረብ ብሎ «ከእጄ ትበያለሽ?» ይበለኝ። እበላለሁ።